ጣራው ሳር የለበሰው መኪና

ሰኞ፣ ግንቦት 5 ቀን 1966

ዶሮዎቹ ከመኪናው አንወርድም አሉ። በአንዱ በር ሳባርራቸው በሌላው ይገባሉ። ይመር ከሞተ ወዲህ ቤታቸው ነው። ፈረንጁ ይተኛበት የነበረው አልጋ ላይ ያድራሉ፤ ምግብ ያበስልበት ከነበረው ምድጃ ውስጥ ይጥላሉ። ዛሬ አልጋውን በአመድና በውሃ ፈተግሁት። ሽታው አልለቀቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ ንጉሤ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ቆመው ነገሩኝ። ትርንጎ፣ የባሌ የይመር እኅት፣ ቆላ ወንዙ አጠገብ ከተሠራው መጠለያ ገብታለች። ባሏ እህል ፍለጋ ወደ ጎጃም እንደተሻገረ አልተመለሰም። ሰባት ወር እርጉዝ ናት። ትኩሳት ይዟታል።

«በቃሬዛ እንዳናወጣት ተሸካሚው ራሱ ተሸካሚ የሚፈልግ ሆኗል» አሉ። «በበቅሎ ብትወጣ ፅንሱ ይወርዳል። እዚያው እንዳንተዋት አልጋውም መድኃኒቱም እዚህ ነው።»

ይህን ብለው ወደ ግቢዬ ጥግ ዞሩ። መኪናውን አዩት።

መኪናው የአንድ መንገድ ቀያሽ ፈረንጅ ነበር፤ ይመር ሾፌሩ ነበር። ወደ ወንዙ የሚወርደውን ጥርጊያ ሲቀይሱ የሚያድሩት በውስጡ ነው። አልጋ አለው፣ ቁም ሳጥን አለው፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ይቆምበታል። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ለይመር ተወለት። ሰፈሩ «የፈረንጅ ጎጆ» ይለዋል።

«ይሄዳል?» አሉ አቶ ንጉሤ።

«ሰይድ ያስነሣዋል» አልኳቸው። ሰይድ የይመር ረዳት የነበረ ነው። አሁን በጭነት መኪና ደሴ ይመላለሳል፤ ሰሞኑን ጎማ እስኪላክለት እዚሁ ተቀምጧል።

ያስፈራኝ መነሣቱ አይደለም። ሙቀቱ ነው። ያ መኪና ቆላ ሲወርድ የጋለ ብረት ነው።

ይመርንም ከቆላ ያወጣነው በሱ ነበር። ወባ ይዞት። መስኮቶቹን ሁሉ የዘጋሁ እኔ ነኝ። «ላብ ላይ ነው፣ ንፋስ ይመታዋል» አልኩ። አገር የሚለውን ነው ያልኩት። አፋፉ ላይ ሳንደርስ ዐረፈ። ከተዝካሩ በኋላ አንድ የተማሪ ቤት የጤና መጽሐፍ እጄ ገባ። ፊደሉን ብቻዬን የለቀምኩ ሰው ነኝና ገጹን ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ትኩሳት ያለበት ሰው አየር ያግኝ፣ አይታፈን ይላል። ያን ገጽ ባላነብ ይሻለኝ ነበር የምልበት ቀን አለ።

ትርንጎ ከቀብሩ ወዲህ አናግራኝ አታውቅም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ሰይድ መጥቶ ኮፈኑን ሲከፍት በሳቅ ሞተ። አይጥ ውስጡ ወልዳለች።

«እትዬ አስካለ፣ ይኼ መኪና ቆሞም ቤተሰብ አፍርቷል!»

ባትሪውን ከራሱ መኪና አውጥቶ አመጣ። ሲነካካ፣ ሲያጥብ፣ ሲሳደብ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ አስነጠሰና ተነሣ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። እኔ ድምፁን ስሰማ ወደ ጓዳ ገባሁ። ትንሽ ቆይቼ ፊቴን ጠርጌ ወጣሁ።

የሙቀቱን ነገር አነሣሁበት።

«ወላሂ መላ አለው» አለኝ። «አሰብ ወደብ ላይ አይቻለሁ። የአንድ ትልቅ ሰው መኪና ነው፤ መስኮቱ ዝግ፣ ውስጡ እንደ ደላንታ ጠዋት ይቀዘቅዛል። ኤርኮንዲሽን ይሉታል።»

«እኛስ ብናስገጥመው?»

«ይኼን መኪና ቢሸጡት የዚያን ቱቦ አይገዙበትም።»

ሳቅን። ሳቁ ግን አልቆየም።

ፈረንጁ የተወው ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አገኘን። ሰይድ ከባትሪው ጋር አያያዘው። ሁለት ጊዜ ዞረና ጭስ ተፋ።

«በሌሊት ብንወጣስ?» አልኩት።

«ጥርጊያውን ክረምት በልቶታል። በቀን እንኳ ሰው ከፊት ሄዶ ድንጋይ እያነሣ ነው የሚወጣ። መብራታችን ደግሞ አንድ ዓይና። እትዬ፣ እኔ ገደል ከገባሁ እርስዎም አብረው ነዎት።»

ስለዚህ በቀን ነው። ጎሕ ሲቀድ ብንነሣ እንኳ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ገደሉ ወገብ ላይ ታገኘናለች። መኪናው ያን ዳገት የሚወጣው እንደ ኤሊ ነው።

ያለኝ ምንድን ነው? ኖራ አለኝ። ሳር አለኝ። ጆንያ ይገኛል። ውሃ አለ። ከዚህ ምን ይሠራል እያልኩ ዋልኩ፤ እንጀራ ስበላ እንኳ ዓይኔ ጣራው ላይ ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

ጣራውን ኖራ ቀባሁት። መሰላል ላይ ቆሜ እንደ ቤት ግድግዳ። ነጭ ነጠላ ለብሶ ፀሐይ ላይ የቆመና ጥቁር ካፖርት ለብሶ የቆመ እኩል አይሞቃቸውም፤ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም።

ጎረቤቴ እመት ዘነቡ በአጥር ላይ ብቅ አሉ።

«አስካል፣ ልትድሪው ነው?»

«ማንን?»

«መኪናውን ነዋ! ነጭ በነጭ አልብሰሽዋል።»

ኖራው ብቻ አልበቃም። ቀትር ላይ ከውስጥ ገብቼ መዳፌን ጣራው ላይ አሳረፍኩ፤ ያቃጥላል። ሳር ክዳን ቤት ውስጥ ግን ቀትር አይታወቅም። ስለዚህ ሳር።

ሰይድ ሊያለቅስ ደረሰ። «እትዬ፣ በይመር ነፍስ! ደሴ ያሉ ሾፌሮች ይኼን ከሰሙ ስሜ ይጠፋል። ሳር የተከደነ መኪና!»

«ላም እንዳትበላብህ ብቻ ጠብቅ» አልኩት። ቀልድ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ገረመኝ።

ሳሩን በቀጥታ ብረቱ ላይ አላስተኛነውም። አግዳሚ እንጨት አድርገን ከፍ አደረግነው፤ በብረቱና በሳሩ መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተውን። በመጫኛ ጠፈርነው። አሁን መኪናው ትልቅ ባርኔጣ የደፋ ሽማግሌ ይመስላል። ከውስጥ መዳፌን አስነካሁ፤ ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። ሰይድን ጠራሁት። እሱም ነካ። መዳፉን ቶሎ አላነሣም። ደስ አለኝ።

ሬዲዮ ያለው ሱቅ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ ነበር። አዲስ አበባ ስለታሰሩ ሹማምንት ይወራል። አንዱ «አሁን እህል ይመጣል» አለ። ሌላው «በየት በኩል?» አለው። ከሱቁ ማዶ ከቆላ የወጡ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንዷ ትርንጎን መሰለችኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። አይደለችም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ዛሬ ባልጽፍ ደስ ይለኝ ነበር።

አቶ ንጉሤ የእርዳታ እህል የመጣበትን ባዶ የቃጫ ጆንያ ሰጡን። በወስፌ ሰፍቼ በየመስኮቱ ላይ ከውጭ ሰቀልኩ። ከያንዳንዱ በላይ ገረወይና አሰርን፤ ሥሩን ሰይድ በምስማር በሳው። ውሃው ይንጠባጠባል፣ ጆንያውን ያርሳል። ነፋስ በእርጥብ ጆንያ አልፎ ሲገባ ቀዝቅዞ ይገባል። ሐሳቤ ይህ ነው።

አፋፉን ወርደን ሙቀቱ ከሚጀምርበት ድረስ ልንሞክር ሄድን። አቶ ንጉሤ፣ እመት ዘነቡ፣ እኔ ከኋላ፤ ሰይድ መሪው ላይ። ሲጀምር ጥሩ ነበር። ወዲያው እመት ዘነቡ «ውይ፣ ማጅራቴን ንፋስ መታኝ» አሉ።

እጄ ራሱ ሄዶ መስኮቱን ዘጋው። አንዱን። ቀጥሎ ሌላውን። ሳላስብ። ልክ እንደዚያን ቀን።

ትንሽ ቆይቶ መተንፈስ አቃተን። እርጥበቱ መውጫ አጣ። ብረቱ ውሃ አላበ፣ እኛም አላበን። የክዳን ውስጥ እንፋሎት። አቶ ንጉሤ ክራቫታቸውን እየፈቱ «ወይዘሮ አስካለ፣ ሽንብራ ነኝ እንዴ የሚቀቅሉኝ?» አሉ። እመት ዘነቡ ሳቁ። ሰይድም ሳቀ። ክፉ አላሰቡም።

ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የታመመ ሰው ውስጡ ቢኖርስ? እሷ ብትኖርበትስ? መጽሐፉን አንብቤያለሁ፣ ገጹን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ እጄ ግን አላነበበም።

አቶ ንጉሤ ስንመለስ እንዲህ አሉኝ፤ «ከቅዳሜ ማለፍ የለብንም። ዛሬ ሰው ከታች መጥቶ ነበር። እህል ውሃ አልቀምስ ብላለች።»

ዓርብ፣ ግንቦት 9

ጠዋት ውሃ ልጠጣ እንስራው ዘንድ ሄድኩ። ሁለት እንስራ አለኝ፤ አንዱ ከጓዳ፣ አንዱ ነፋስ ከሚያገኘው የበር ጥግ። የጓዳው ለብ ያለ ነው። የበሩ ጥርስ ይነቅላል። ሁለቱም የአንድ ሸክላ ሠሪ እጅ ናቸው፣ ሁለቱም ያልባቸዋል። ስንት ዓመት ከሁለቱም ጠጥቻለሁ፤ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ውሃው ብቻውን አያቀዘቅዝም ማለት ነው። ነፋሱ ነው የሚያቀዘቅዘው፤ ነፋሱ ደግሞ መግቢያም መውጫም ይፈልጋል። መግቢያውን በጆንያ፣ መውጫውን ባዶ።

ሮጬ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ቁርስ ላይ ነበር።

«መስታወቶቹን አውጣልኝ።»

«ምን?»

«መስኮቱ መስታወት ካለው አንድ ሰው ይዘጋዋል። እኔ ራሴ እዘጋዋለሁ። አውጣቸው።»

«ዝናብ ቢመጣስ?»

«ቆላ ውስጥ ዝናብ ቢገኝ ሰዉ መጠለያ ይገባ ነበር?»

ቁርሱን ትቶ ተነሣ። የመስታወቶቹን ማያያዣ ጎማ በቢላዋ ፈልቅቆ አንድ በአንድ አወጣቸው። በነጠላ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አስገባኋቸው። የኋላው በር መስኮትም ባዶ ሆነ። አሁን ሊዘጋ የሚችል ሰው የለም። እፎይ አልኩ።

እንደገና ወደ አፋፉ ታች ወረድን። ነፋሱ በፊት በእርጥብ ጆንያ ገብቶ በኋላ ይወጣል። እመት ዘነቡ ኩርምት ብለው «ኧረ ብርድ ገደለኝ፣ ምነው አስካል!» አሉ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ስሞታ ሰምቼ አላውቅም።

ግን መኪናው ሲቆም ነፋሱም ይቆማል። ሽቅብ ሲወጣም ያው ነው። ስለዚህ ሁለት ሰፌድ አመጣሁ። ሁለቱን ሰፌድ እንጨት ላይ አስሬ ከጣራው አንጠለጠልኩ፤ በገመድ ሲስቡት ወዲያ ወዲህ ይላል። ሰይድ ከመሪው ሆኖ ዞር አለ።

«እትዬ፣ ይኼኛው የአሰቡን ያስንቃል። ገብስ ያበጥርልናል እኮ!»

አቶ ንጉሤ ቀልዱን ሰምተው አልሳቁም። ገመዱን ይዘው ሳቡ። ደጋግመው ሳቡ። «ጥሩ ነው» አሉ። «ነገ እንወርዳለን።»

ማድረግ ያለብኝ፤ ውሃ በሁሉም ገረወይና። ለሷ አጥሚት። ጋቢ አልይዝም፣ ሙቀት ነው። አይ፣ አንድ ልያዝ። አይ፣ አልይዝም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10

መጠለያው አጠገብ፣ መኪናው ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

ቁልቁለቱን ደኅና ወረድን። ሁለት ቦታ ወርጄ ድንጋይ አነሣሁ። ቆላው ሲቀበለን ከፊት እሳት የተነፈሰብን መሰለኝ። ውስጡ ግን ይቻል ነበር። ይቻል ነበር ብቻ ልበል፤ ማጋነን አልወድም።

መጠለያው ቆርቆሮ ጣራ ነው። ከሥሩ ሰው እንደ ሰሌን ተዘርግቷል። ሕፃናቱ አያለቅሱም። እሱ ነው የከበደኝ። ትርንጎን ያወቅኋት በግንባሯ ንቅሳት ነው። ሆዷ ብቻ ነው የቀራት።

አየችኝ። ፊቷን አዞረች።

«ትርንጎ፣ ልንወስድሽ መጣን።»

«በምን?»

መኪናውን ስታይ ወደ ኋላ ተሳበች። «ወንድሜን የበላው ነው? እዚያ ውስጥ አልገባም። እዚሁ ልሙት፤ ቢያንስ ሰው ያየኛል።»

አቶ ንጉሤ ስለ ትኩሳቷ፣ ስለ ልጁ ነገሯት። ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ከአጠገቧ ያሉት አሮጊት «ተይ ልጄ፣ ሒጂ» አሏት። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

በመጨረሻ ሰይድ ጎንበስ አለ። «እትዬ ትርንጎ፣ አብሽሪ፣ የትም አንሄድም። መኪናውም ጠፍቷል፣ ቁልፉ ይኸው። ቆርቆሮው ሥር ከምትቃጠዪ ለጥቂት ጊዜ ጥላው ውስጥ ዐረፍ በይ። ካልተመቸሽ ራሴ እመልስሻለሁ።»

ቁልፉን በእጇ ሰጣት። ጨበጠችው። ደግፈን አስገባናት።

ቁጭ ብላ ዙሪያዋን አየች። እጇን በመስኮቱ ባዶ ሰደደች።

«መስታወቱስ?»

«አውጥቼ ቤት ተውኩት» አልኩ።

እጇን እዚያው ነፋሱ ላይ ትንሽ አቆየችው። ገመዱን መሳብ ጀመርኩ። ሰፌዶቹ ወዲያ ወዲህ አሉ። እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት፤ ቁልፉ እጇ ውስጥ ነው። አሁንም ተኝታለች። አጥሚቱን ስትነቃ እሰጣታለሁ። እጄ ዝሏል፤ በግራዬ እየሳብኩ በቀኜ ነው የምጽፈው።

እሑድ፣ ግንቦት 11

መካነ ሰላም፣ በከተማችን ጤና ጣቢያ ውስጥ። ደርሰናል። ገመድ ስስብ ውያለሁና ፊደሉ ቢበላሽም ልጻፍ።

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ትርንጎ ቁልፉን ለሰይድ ሰጠችው እንጂ እሺ አላለችም። ከሷ ጋር አሮጊቷንና የልጅ ልጃቸውን ጫንን። የቀሩት ቆመው አዩን። አቶ ንጉሤ «እንመለሳለን» አሏቸው። ማንም ያመነ አልመሰለኝም።

ረፋድ ላይ ፀሐይ ያዘችን፣ እንደፈራሁት። መኪናው እየተንፏቀቀ ነው፣ ነፋስ የለም። ጆንያዎቹን እናርሳለን፣ ሰፌዱን እንስባለን። አቶ ንጉሤና እኔ ተፈራረቅን። ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿን እቆጥራለሁ፣ ይጠፋኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ።

ገደሉ ወገብ ላይ ሞተሩ ፈላ። ሰይድ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ እንፋሎቱ ሰማይ ነካ። መጥቶ ገረወይናዎቹን አየ።

«እትዬ፣ ይኼን ውሃ ለራዲያተሩ እፈልጋለሁ።»

«ጆንያው ይደርቃላ።»

«ሞተሩ ከደረቀ እዚሁ ነን። ወይ ጆንያው ወይ ሞተሩ።»

ወዲያ ወዲህ የለውም። ስጠው አልኩ። ሁሉንም ቀዳ። የመጠጡን ውሃ ብቻ ለበሽተኞቹ ተውን። ከዚያ በኋላ የነበረን ሰፌዱ ብቻ ነው። ነጠላዬን በመጨረሻዋ የጣሳ ውሃ ነክሬ ግንባሯ ላይ አደረግሁ፤ ሰፌዱ በላዩ ላይ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። አቶ ንጉሤ ሳቡ። እኔ ሳብኩ። አሮጊቷ ሳይቀሩ «እስቲ ወዲህ በይ» ብለው ሳቡ።

አፋፉ ታየ። ነፋስ መጣ። ትርንጎ ዓይኗን ገለጠች። ተሳካ አልኩ።

አልተሳካም።

አፋፉ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ጠበቀን። በረዶ። መጀመሪያ ሳሩ ላይ ተንኳኳ፣ ከዚያ በባዶ መስኮቶቹ ገባ። የደጋ ነፋስ ከፊት ገብቶ በኋላ ይወጣል፤ ልክ እንደሠራሁት፣ ምንም ሳይዛነፍ። ጆንያዎቹ ዝናቡን ጠጥተው እርጥቡን ነፋስ ቀጥታ እሷ ላይ ይነፉታል። በላብ የራሰች ናት። ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። ከንፈሯ ጠቆረ።

መስኮት ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ። መስታወት የለም። መስታወቱ ከአልጋዬ ሥር ነው፣ በነጠላ ተጠቅልሎ። ጋቢም አልያዝኩም።

ቆሜ ቀረሁ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። አንዴ ዘግቼ ገደልኩ፣ አሁን ከፍቼ ልገድል ነው አልኩ በልቤ።

ትርንጎ ናት የቀሰቀሰችኝ። ጥርሷ እየተጋጨ፣ «አስካል! ምን ትጠብቂያለሽ? ድፈኚው እንጂ!»

በምን? ከዚያ ሳሩ ትዝ አለኝ። ሰይድን አቁም አልኩት። በረዶው እየወገረን ጣራው ላይ ወጣን። ላይኛው ሳር ርሷል፤ ሥረኛው፣ በክፍተቱ በኩል ያለው፣ ደረቅ ነው። ጎትተን ጎትተን አወረድን። ጆንያውን ቀድደን ጣልን። መስኮቱን በሳር ጠቀጠቅን፣ እንደ ወፍ ጎጆ። ከትርንጎ ሥር አነጠፍን፣ ከላይዋም ከመርን። አቶ ንጉሤ ኮታቸውን አለበሷት። አሮጊቷ ከጎኗ ተኝተው አቀፏት፤ ልጅቱን በመካከል አደረጉ። እኔ እግሯን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። በረዶ ነበር እግሯ።

ሰይድ ሳር የበዛበትን መኪና እየነዳ፣ በየመስኮቱ ድርቆሽ ተንዠርግጎ፣ ከተማው መሐል ገባን። ማን እንዳየን፣ ማን እንደሳቀ አላውቅም። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሊያወርዷት ሲመጡ ሳሩን እየገለጡ ፈለጓት።

አሁን በብርድ ልብስ ተጠቅልላለች። ትኩሳቱ አልለቀቃትም። መርፌ ወጓት። ልጁ በሕይወት ይኑር አይኑር አያውቁም። «ነገ ይለያል» ነው የሚሉት።

ሰኞ፣ ግንቦት 12

ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ከበሯ አልተነሣሁም።

ረፋድ ላይ አቶ ንጉሤ ጆሯቸውን ሆዷ ላይ አደረጉ። ረዘመ። ቀና ሲሉ ፊታቸውን ማንበብ አልቻልኩም፤ ፊት ፊደል አይደለም።

«ይሰማል» አሉ። «ደካማ ነው። ግን ይሰማል።»

አጥሚት ጠጣች። ግማሽ ጣሳ። አላስመለሳትም።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከፀጉሯ የሳር ስብርባሪ እየለቀምኩ ነበር። ስለ ይመር ልነግራት ፈለግሁ፤ መጽሐፉን፣ ገጹን፣ ሁሉንም። አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ያን ዕለት ጋቢውን በላዩ የደረብኩት እኔ ነበርኩ» አለች። «እሱ ሙቀት ነው ሲል፣ እኔ ተሸፈን አልኩት። አንቺ ገና መኪናው ውስጥ አልገባሽም ነበር።»

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሳሩን መልቀሜን ቀጠልኩ። ቀለለኝ አልልም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱን ድንጋይ ሁለታችን በየቤታችን እንደተሸከምነው ብቻ ገባኝ።

ከደጅ ሰይድ እያፏጨ መስታወት ይገጥማል። ሁሉንም አይደለም። የፊቶቹን ብቻ፣ የሚከፈቱና የሚዘጉ። ለኋላዎቹ መጋረጃ ሰፋሁለት፤ ሲያስፈልግ የሚጠቀለል፣ ሲያስፈልግ የሚወርድ። አዲስ ሳር ከደነ። ሳይለምኑት! ከሾፌር ጓደኞቹ አንዱ አልፎ «ምን እየሠራህ ነው?» ሲለው «ኤርኮንዲሽን ነው፣ አንተ አታውቀውም» ሲል ሰማሁት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

ሰይድና አቶ ንጉሤ ጎሕ ሲቀድ ወረዱ። እኔ ልሂድ ብል ትርንጎ እጄን አልለቅ አለች። ጋቢ አስይዣቸዋለሁ፤ ከቤትም ከጎረቤትም የተገኘውን ሁሉ። እመት ዘነቡ የራሳቸውን ከትከሻቸው አውልቀው ሰጡ። ከታች የሚወጡት ብዙ ናቸው፣ አንድ ጉዞ አይበቃም።

የትርንጎ ትኩሳት ጠዋት በረደ፣ ቀትር ላይ ተመለሰ፣ አሁን ደግሞ በርዷል። ልጁ ዛሬ ሁለት ጊዜ ረገጣት። አንዱን እኔም በመዳፌ አገኘሁት። ቢወለድ ይተርፋል ወይ ብዬ ድሬሰሩን ለመጠየቅ አፌ አልደፈረም፤ አሁን ደግሞ የሉም።

ከመስኮቱ ወደ ቆላው በኩል አያለሁ። ደመና አለ። ደመናው ቢቆይ ፀሐይ አታገኛቸውም፤ በሽተኞቹ በጥላ ይወጣሉ። ዝናብ ከሆነ ግን ጥርጊያውን ጎርፍ ይወስደዋል፤ መኪናው ከታች ይቀራል፣ ሰይድም፣ ሰዉም። ዝናብ ካልሆነ ደግሞ መሬቱ ያው አመድ ነው፣ መጠለያውም ያው ይሞላል። እንግዲህ ምን ብዬ ልጸልይ? ደመና ስጠን፣ ዝናብ አትስጠን? በዚህ ዘመን በወሎ ምድር ዝናብ አትስጠን ብሎ የሚጸልይ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ለትርንጎ ነገርኳት። ዓይኗን ሳትገልጥ ሰማችኝ።

«ይዝነብ በይ» አለች። «ሰይድ እንደሁ እግር አለው።»

ሳቋ ሳል ሆኖ አለቀ። ውሃ ሰጠኋት።

ይዝነብ አልኩ። ጮክ ብዬ አልኩት፣ እሷ እንድትሰማ። ጆሮዬ ግን ከመንገዱ ላይ አልተነሣም። እስካሁን የሞተር ድምፅ የለም።